የእርግዝና የደም ማነስ፦ ጤፍ ብቻውን ለምን አይበቃም? ቡናውስ መቼ ይጠጣ?

በቂርያት ጋት በብዙ ቤት ውስጥ ልጅ ወይም ምራት ስታረግዝ ገበታውን የምታሰናዳው፣ ቡናውን የምታፈላው፣ «ይህን ብዪ፣ ያንን ተዪ» የምትለው እናት ወይም አማት ናት። የቲፓት ሐላቭ ነርስ ነፍሰ ጡሯን የምታያት ከሳምንታት አንዴ ነው፤ እናት ግን በየቀኑ ታያታለች። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ ስለሚመጣው የብረት እጥረት፣ በዕብራይስጥ «ሖሴር ባርዜል» ስለሚባለው፣ የቤቱ ታላላቆች ከነፍሰ ጡሯ እኩል ቢያውቁ ይጠቅማል።

«ጤፍ እየበላች እንዴት ብረት ያንሳታል?» የሚለው ጥያቄ በማኅበረሰቡ ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። መልሱ አጭር ነው። ሳህን ላይ ያለ ብረትና ደም ውስጥ የሚገባ ብረት አንድ አይደሉም። ምግቡ ብረት ቢኖረውም አብሮት የሚበላውና የሚጠጣው ነገር ሊያስቀረው ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ፍላጎቱ በጣም ስለሚጨምር፣ ጥሩ ገበታ እንኳ ብቻውን አይደርስበትም። ለዚህ ነው እንክብሉ የሚታዘዘው።

ብረት በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ደም ቀይ ቀለሙን የሚያገኘው ሄሞግሎቢን ከሚባለው ነገር ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለጡንቻና ለጽንሱ ያደርሳል። ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም።

ሰውነት ለዕለት ከሚጠቀምበት የተረፈውን ብረት በጉበትና በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያከማቻል። ነገሩን በጎተራና በሌማት መመሰል ይቻላል። ሄሞግሎቢን ሌማቱ ነው፤ ዕለት በዕለት የሚበላው። የተከማቸው ብረት ደግሞ ጎተራው ነው፤ እሱም ፌሪቲን በሚባል የደም ምርመራ ይለካል። እህል ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎድለው ጎተራው ነው፤ ሌማቱ ለጊዜው ሙሉ ይመስላል። ሌማቱ መጉደል ሲጀምር ግን ጎተራው ቀድሞ ተራቁቷል ማለት ነው። የደም ማነስ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው።

በእርግዝና ጊዜ ለምን ያንሳል?

ሴት ስታረግዝ የደሟ መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጽንሱና የእንግዴ ልጁም የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። በአጠቃላይ አንድ እርግዝና እስከ ወሊድ ድረስ 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። ያላረገዘች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ከምግብ እንድታገኝ ሲመከር ለነፍሰ ጡር 27 ሚሊ ግራም ይመከራል።

ጽንሱ የሚያስፈልገውን የሚወስደው ከእናቱ ነው። የእናቲቱ ጎተራ ቀድሞ የጎደለ ከሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ። በተለይ ለእጥረት የሚጋለጡት ከወሊድ ብዙም ሳይቆዩ ደግመው ያረገዙ፣ መንታ የያዙ፣ የወር አበባቸው ብዙ የነበረ፣ ሥጋ የማይበሉ፣ ወይም በእርግዝናው መጀመሪያ ማስታወክ የጠናባቸው ሴቶች ናቸው።

ችግሩ የአንድ ማኅበረሰብ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ካሉ ነፍሰ ጡሮች ከመቶ 37 ያህሉ የደም ማነስ እንዳለባቸው ይገምታል። በኢትዮጵያ በ2016 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ከነፍሰ ጡሮቹ ደግሞ 29 በመቶ የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል።

በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ወይም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የመጡ ሰዎች እንደደረሱ የሰገራ ምርመራ መደረጉን ያስታውሳሉ። አንዱ ምክንያት የመንጠቆ ትል ነበር። ይህ ትል በባዶ እግር ሲኬድ ከአፈር በቆዳ በኩል ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆም ደም ይመጣል። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣች ነፍሰ ጡር የደም ማነስ ካለባት፣ ከየት እንደመጣችና መቼ እንደመጣች ለሐኪሙ መንገር ተገቢ ነው። ትሉ ካልጠፋ እንክብሉ ብቻውን አይበቃምና።

ምልክቶቹ

የብረት እጥረት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ሴቶች ይለምዱታል፤ «እርግዝና ነው፣ ሥራ ነው» ብለው ያልፉታል። ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

– ዕረፍት የማይመልሰው ድካም፣
– ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣
– ራስ ምታትና ማዞር፣ በተለይ ከተቀመጡበት ሲነሱ፣
– ሌሊት እግርን አላስተኛ የሚል መወራጨት፣
– የጥፍር መሰባበር፣ የፀጉር መርገፍ፣
– በረዶ የመቆርጠም፣ አፈር ወይም አመድ የመብላት ፍላጎት።

የመጨረሻው በአገር ቤት «አምሮት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። የጎመን ወይም የበለስ አምሮት ምንም አይደለም። አፈርና በረዶ ማማር ግን ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ስለሆነ ሳያፍሩ ለነርስ መናገር ያስፈልጋል። አፈሩ ራሱ ትልና መርዛማ ነገር ሊይዝ ይችላል።

በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ የፊት መገርጣት በቀላሉ አይታይም። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ዝቅ አድርጎ ውስጡን፣ ምላስንና መዳፍን ማየት ይሻላል። ያም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እርግጡን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው።

የምርመራው ወረቀት ምን ይላል?

በኩፓት ሖሊም ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው «ስፊራት ዳም»፣ ማለትም የደም ቆጠራ፣ በእርግዝናው መጀመሪያ ይደረጋል። ከዚያም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ከስኳር ምርመራው ጋር ይደገማል። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ይበቃል።

አንደኛው ሄሞግሎቢን ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ11 በታች ከሆነ፣ በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ከ10.5 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። ከ7 በታች ከሆነ ከባድና አስቸኳይ ነው።

ሁለተኛው ፌሪቲን፣ ማለትም ጎተራው ነው። ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ብዙ ሐኪሞች ግን በእርግዝና ጊዜ ከ30 በታች ሲሆን ሕክምና ይጀምራሉ። ፌሪቲን በወረቀቱ ላይ ከሌለ «ፌሪቲን ተመርምሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች የነጭ ደም ሴል ቁጥራቸው በተፈጥሮ ከሌላው ሕዝብ ዝቅ ይላል። ይህ ከዘር የሚወረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ነገር ነው፤ ከብረት እጥረት ጋርም አይገናኝም። እንዲሁም የደም ማነስ ሁሉ ከብረት አይመጣም። የቢ 12 ወይም የፎሊክ አሲድ እጥረትም ያመጣዋል። በመሆኑም ሳይመረመሩ ከጎረቤት እንክብል ተውሶ መዋጥ አይገባም።

አንዳንድ ታላላቆች «ደም አንሷታል እያሉ ለምን ደም ይቀዱባታል?» ይላሉ። አንድ የምርመራ ጠርሙስ የሚይዘው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰው አካል ውስጥ ያለው ደም ግን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይሆናል። የሚቀዳው ከማሰሮ ውኃ በማንኪያ የመጨለፍ ያህል ነው። እርግጥ በ1996 ከኢትዮጵያ ተወላጆች የተለገሰ ደም ሲጣል እንደኖረ ሲሰማ የደረሰው ቁስል በቀላሉ አይረሳም፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ወጥቶ ተቃውሟል። የምርመራ ደም ግን የሚቀዳው ለራሷ ለነፍሰ ጡሯ ጥቅም ነው። ውጤቱም የእሷ ነው፤ ወረቀቱን የመቀበልና ትርጉሙን የመጠየቅ መብት አላት።

«ደም ማነስ» እና «ደም ብዛት»

በአማርኛ የደም ግፊት በሽታ «ደም ብዛት» ስለሚባል፣ ደም ማነስ የእሱ ተቃራኒ ይመስላል። «ምራቴ ደም ብዛት አለባት፣ ባርዜል ከወሰደች ይብስባታል» የሚል ስጋት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሁለቱ ግን የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ደም ብዛት ደሙ የደም ሥርን የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ደም ማነስ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን ነው። አንዲት ሴት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊኖሩባት ይችላሉ። ብረት ግፊትን ከፍ አያደርግም። የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ነፍሰ ጡር ብረት ከታዘዘላት፣ ሁለቱን እንዴት እንደምትወስድ ሐኪሙን ትጠይቅ እንጂ በራሷ አንዱን አታቋርጥ።

ጤፍና ብረቱ

ጤፍ በብረት የታወቀ እህል ነው። ነገር ግን በተለያዩ ምርመራዎች የተገኘው መጠን እጅግ የተራራቀ ነው። ምክንያቱም የጤፍ ዘር ደቃቅ በመሆኑ፣ በዐውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ቀይ አፈር አብሮት ይቀራል፤ አፈሩም ብረት አለው። በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት፣ ጤፉ አፈሩ እንዲለቅ ታጥቦ ሲለካ ብረቱ ከሌሎች እህሎች ብዙም እንደማይበልጥ አሳይቷል። የአፈሩ ብረት ደግሞ አንጀት በቀላሉ የሚቀበለው ዓይነት አይደለም።

ሌላው ነገር፣ እንደማንኛውም እህል በጤፍ ውስጥ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ፊታት የሚባል ነገር አለ። ይህን የሚያፈርሰው እርሾው ነው። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ፊታቱ ይቀንሳል፤ ብረቱም ይለቃል። በእስራኤል ግን ጊዜ ስለሚያጥር ብዙ ቤት ውስጥ የስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎ፣ የሱቅ እርሾ ገብቶበት በዚያው ቀን ይጋገራል። እንዲህ ያለው እንጀራ ሆድ ይሞላል እንጂ እንደ አገር ቤቱ አይደለም። የሚቻል ከሆነ ለነፍሰ ጡሯ የጤፉን መጠን ጨምሮ ሊጡን በደንብ ማቡካት ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ጤፍን ለማጣጣል አይደለም። ጤፍ መልካም ምግብ ነው፤ የእንክብሉ ምትክ ግን አይሆንም።

ቡናና ሻይ

ከሁሉ በላይ በቤት ውስጥ ሊስተካከል የሚችለው ነገር የቡና ሰዓት ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አንጀት ውስጥ ከብረት ጋር ተጣብቀው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል።

በ1983 በአሜሪካ የታተመ የታወቀ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሥጋ ካለበት ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲጠጣ ደግሞ በ64 በመቶ። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱ አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰ።

በልማድ ደግሞ ቡና የሚፈላው ምግብ ከተበላ በኋላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ነፍሰ ጡሯ በምሳዋ ያገኘችው ብረት ብዙው ይባክናል። ስለዚህ ቡናው አይቅር፤ ሰዓቱ ግን ይለወጥ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ቢያንስ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢፈላ ወጉም አይጎድልም፣ ብረቱም አይባክንም። ካፌይን የሌለው ቡናም ብረት ይይዛል፤ ስለዚህ እሱም በሰዓቱ ይጠጣ።

መጠኑም ይታሰብበት። በእርግዝና ጊዜ ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። አቦሉ ወፍራም ስለሆነ ለነፍሰ ጡሯ በረካው ቢቀዳላት ይሻላል።

ገበታውን ማስተካከል

በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ሁለት ዓይነት ነው። ከሥጋ፣ ከዶሮና ከዓሣ የሚገኘውን ሰውነት በቀላሉ ይቀበለዋል። ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላ፣ ከጎመን፣ ከሰሊጥ የሚገኘውን ግን በጥቂቱ ብቻ ነው የሚቀበለው። ይህን ሁለተኛውን የሚያግዙ ሁለት ነገሮች አሉ፦ ቫይታሚን ሲ እና ጥቂት ሥጋ።

– ምስር ወጥና ሽሮ ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበት፤ አጠገቡ የቲማቲም ሰላጣ ወይም ጥሬ ቃሪያ ይኑር። ስንግ ቃሪያ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ለብረትም ይጠቅማል። ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚጠፋ ጥሬው ይሻላል።
– በምስሩ ወይም በጎመኑ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ቢገባ የእህሉንም ብረት ያስገባል። ጎመን በሥጋ ለዚህ ተስማሚ ነው።
– ሽምብራና ምስር አድረው ቢዘፈዘፉ ወይም በቆልት ቢሆኑ ብረቱ ይለቃል።
– ከምግቡ በኋላ ብርቱካን ወይም ጉዋቫ መብላት ጥሩ ነው።
– ወተት፣ እርጎና አይብ ለአጥንት ያስፈልጋሉ፤ ካልሲየማቸው ግን ብረትን ስለሚሻማ በሌላ ሰዓት ይሁኑ። ካሽሩት የሚጠበቅበት ቤት ሥጋና ወተት ድሮም ስለማይቀላቀሉ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

ሦስት ጥንቃቄዎችም አሉ። ጉበት ብረት ቢኖረውም ቫይታሚን ኤ በጣም ስለሚበዛበት ለነፍሰ ጡር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አይመከርም። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ያለ ክትፎ ጽንሱን ሊጎዳ የሚችል ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ በደንብ ሲበስል ብረቱ አይጠፋም። ቀይ ሥርና የወይን ጭማቂ ደግሞ ቀለማቸው ደም ይምሰል እንጂ ብረታቸው ጥቂት ነው።

በዮም ኪፑር፣ በቲሻ ብአብና በስግድ መጾም የምትፈልግ ነፍሰ ጡር ከበዓሉ ቀደም ብላ ሐኪሟንና ቄሱን ወይም ረቢውን ትጠይቅ። የደም ማነስ ላለባት ሴት መልሱ ጤነኛዋ ከምታገኘው ሊለይ ይችላል።

እንክብሉን እንዴት መውሰድ ይቻላል?

የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከአራተኛው ወር መጀመሪያ ከወሊድ በኋላ እስካሉት ስድስት ሳምንታት ድረስ በቀን 30 ሚሊ ግራም ብረት እንድትወስድ ይመክራል። ይህ ደሟ ላላነሰ ሴት ጭምር ነው። ምርመራው እጥረት ካሳየ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ ከአራተኛው ወር በፊትም ሊያስጀምራት ይችላል። አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይታዘዛል፤ ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ያሳስታል። 325 ሚሊ ግራም የተባለ የፈረስ ሰልፌት እንክብል በውስጡ ያለው ትክክለኛ ብረት 65 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር ትክክለኛው እንደሆነ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል።

እንክብሉ በባዶ ሆድ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ቢዋጥ የበለጠ ይገባል። ከቡና፣ ከሻይ፣ ከወተት፣ ከካልሲየም እንክብልና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይወሰድም። የእንቅርት መድኃኒት የምትወስድ ሴት በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ታርቅ።

ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና ቃር ሊያስከትል ይችላል። ብዙ ሴቶች የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ለነርሷ ግን አይነግሯትም። ማቋረጥ ሳይሆን መለወጥ ይቻላል። ከጥቂት ምግብ ጋር ወይም ከመኝታ በፊት መውሰድ፣ «ባርዜል ዓዲን» ወደሚባለው ለሆድ ለስላሳ ዓይነት መቀየር፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ተልባ በውኃ አድርጎ ከእንክብሉ በሌላ ሰዓት መጠጣት ድርቀቱን ያቀልላል። ሰገራ መጥቆሩ የብረቱ ቀለም ስለሆነ አያስፈራም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ ክፉ ሽታ ያለው ወይም ቀይ ደም ያለበት ከሆነ ግን ሐኪም ይይ።

«እንክብሉ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጡም ይጠናባታል» የሚል አባባል በኢትዮጵያም በእስራኤልም አለ። እውነት አይደለም። ብረት ጽንሱን ከመጠን በላይ አያወፍርም። ይልቁንም ከባድ የደም ማነስ ያለባት እናት ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል።

እንክብሉ የልጅ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ፣ በተቆለፈ ሣጥን ይቀመጥ። ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃናት ይውጡታል፤ ጥቂት እንክብሎች እንኳ ትንሽ ልጅን ሊገድሉ ይችላሉ። ልጅ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ 101 ወይም በሐይፋ ወደሚገኘው የመርዝ መረጃ ማዕከል፣ ስልክ 04-7771900፣ መደወል ያስፈልጋል።

እንክብሉ ካልበቃ

ሄሞግሎቢኑ በጣም ዝቅ ካለ፣ እንክብሉ ካልተስማማ ወይም ወሊዱ ከቀረበ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ብረት በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል። ይህ ደም መስጠት አይደለም፤ በጉሉኮስ መልክ የሚንጠባጠብ ብረት ነው። የሚሰጠው ሐኪም ባለበት ቦታ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሴትዮዋ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደም መስጠት የሚያስፈልገው በከባድ ሁኔታ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በወሊድ ጊዜ ስላለው አደጋ ነው። በማንኛውም ወሊድ ደም ይፈስሳል። ጎተራዋ ሙሉ የሆነ ሴት ግማሽ ሊትር ደም ቢፈስሳት ትቋቋመዋለች። በ8 ወይም በ7 ሄሞግሎቢን ወደ ምጥ የገባች ሴት ግን ያው መጠን ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። ከወሊድ በፊት ባሉት ወራት የሚዋጠው እንክብል ለዚያች ሰዓት የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

በቂርያት ጋት ውስጥ አጠቃላይ ሆስፒታል ስለሌለ ወላዶች የሚሄዱት ወደ አሽቀሎን ባርዚላይ፣ ወደ ቤር ሸቫ ሶሮቃ ወይም ወደ ረሖቮት ካፕላን ነው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚወስዳት ቀድማ ታስብ፤ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀትም ከቦርሳዋ አትለይ። ተቀምጣ ሳለች ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ካመማት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ደም ከፈሰሳት ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ 101 ይደወል።

አራስነትና ሕፃኑ

ቤተ እስራኤል በአገር ቤት ሳሉ ወላድ ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ዘመዶች ምግብ ያመጡላት ነበር። ጎጆው ቢቀርም አራስን የማሳረፍና የመመገብ ልማድ ዛሬም ይጠቅማል፤ ጎተራው የሚሞላው በዚያ ጊዜ ነውና። ገንፎውና አጥሚቱ ኃይል ይሰጣሉ፤ ከእነሱ ጋር ሥጋና ምስር ይጨመር፤ እንክብሉም ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ይቀጥል። ብዙዎች ልጁ ተወለደ ብለው የሚያቆሙት ያን ጊዜ ነው።

ሕፃኑ ከእናቱ ማህፀን ይዞት የሚወጣው ብረት ለጥቂት ወራት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በቲፓት ሐላቭ ከአራተኛው ወር ጀምሮ የብረት ጠብታ ይታዘዛል። በሕፃንነት የሚደርስ የብረት እጥረት የአንጎልን እድገት ሊጎዳ ስለሚችል ጠብታው እንደ ክትባቱ ሊከበር ይገባል። ጠብታው ጥርስን ስለሚያጠቁር ወደ ጉንጭ ውስጥ ይንጠብ። ለሕፃን ሻይ መስጠት አይገባም፤ የላም ወተትም ዓመት ሳይሞላው እንደ ዋና መጠጥ አይሰጠው።

ቋንቋ እንቅፋት አይሁን

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት ዕብራይስጥ ለማይችል ሰው በሚገባው ቋንቋ አገልግሎት የማመቻቸት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ በኩፓት ሖሊምም ሆነ በሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። ትንሽ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ጥሩ አይደለም፤ ልጁ ቃሉን አያውቀውም፣ እናትም የምታፍርበትን ትደብቃለች። የሚኒስቴሩ የስልክ ማዕከል ኮከብ 5400 ነው።

በአጭሩ

– የእርግዝና ብረት ከምግብ ብቻ አይሟላም፤ ከአራተኛው ወር ጀምሮ እንክብሉ ያስፈልጋል።
– ቡናና ሻይ ከምግብና ከእንክብሉ ይራቁ፤ አንድ ሰዓት ቀድመው ወይም ሁለት ሰዓት ቆይተው ይጠጡ።
– ምስርና ሽሮ ከሎሚ፣ ከቃሪያ ወይም ከጥቂት ሥጋ ጋር ይቅረቡ።
– በምርመራው ወረቀት ላይ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን ይታዩ።
– እንክብሉ ካልተስማማ ይለወጥ እንጂ አይጣል፤ ከሕፃናትም ይራቅ።
– ከወሊድ በኋላ ስድስት ሳምንት ይቀጥል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ሥራ በእናትና በአማት እጅ ነው። «ልጄ፣ ባርዜሉን ወስደሻል?» ብሎ በየቀኑ መጠየቅና ቡናውን ለአንድ ሰዓት ማቆየት ገንዘብ አይጠይቅም። የእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ሁኔታ የተለየ ስለሆነ ግን የመድኃኒቱን መጠንና ዓይነት የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ነው።